በብርሃን የሚሰወረው ትንሽ ሻርክ

ሻርክ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው በፊልም ወደምናውቀው ባለ ግዙፍ መንጋጋ አውሬ ነው። በዓለም ላይ ከ500 የሚበልጡ የሻርክ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ሰውን አይነኩም፣ ብዙዎቹም ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከአሥሩ አንድ ያህሉ ደግሞ በጨለማ ውስጥ ከገዛ ቆዳቸው ብርሃን ያወጣሉ።

ይህ ማብራሪያ ከእነዚህ አብሪ ሻርኮች ውስጥ በደንብ ስለተጠናው ስለ አንዱ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኤትሞፕቴረስ ስፒናክስ ነው። ሆዱ ጥቁርና ከፋይ ጨርቅ የለበሰ ስለሚመስል እንግሊዞች በዚሁ መልኩ ሰይመውታል፤ እኛም እዚህ ላይ “ሆደ ከፋይ” እንበለው። ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር ሰው የባሕር ዓሣ ወሬ የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሆደ ከፋይ ከሚኖርባቸው ባሕሮች አንዱ ሜድትራንያን ነው፤ የደብረ ብርሃን ክረምት ጎርፍ ለብዙ ሺህ ዓመታት አፈሩን ሲያደርስ የኖረውም እዚያው ባሕር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ እንቆቅልሽ አለ። በጨለማ የሚያበራ ፍጥረት ለጠላቱ ራሱን የሚያጋልጥ ይመስላል። ሆደ ከፋይ ግን የሚያበራው እንዳይታይ ነው።

ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ሆደ ከፋይ ፋኖስ ሻርክ ከሚባለው ወገን ነው። በዚህ ወገን ከ35 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ለእሱ መጀመሪያ ሳይንሳዊ ስም የሰጠው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኔየስ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1758 ነበር። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ሳንቲሜትር አያልፍም፤ በጣም ትልቁ 60 ሳንቲሜትር ያህል ይደርሳል። ጀርባው ቡናማ፣ ሆዱ ጥቁር ነው። ዓይኖቹ ከአካሉ አንጻር ትልልቅ ናቸው። በጀርባው ላይ ካሉት ሁለት ክንፎች ፊት ለፊት አንድ አንድ ሹል እሾህ ቆሟል።

አጽሙ እንደ ሻርኮች ሁሉ የኛ ጆሮና የአፍንጫችን ጫፍ ከተሠሩበት ዓይነት ለስላሳ አጥንት ነው። ብዙ ዓሦች በውኃ ውስጥ ለመንሳፈፍ የሚረዳቸው በአየር የተሞላ ከረጢት በሆዳቸው ውስጥ አለ፤ ሻርኮች ይህ የላቸውም። በእሱ ፈንታ ትልቅና ቅባት የበዛበት ጉበት አላቸው። ቅባት ከውኃ ስለሚቀል ወደ ታች እንዳይሰምጡ ያግዛቸዋል።

መኖሪያው ከአይስላንድና ከኖርዌይ ጀምሮ እስከ ጋቦን ድረስ ባለው የአትላንቲክ ምሥራቃዊ ዳርቻና በሜድትራንያን ባሕር ነው። በብዛት የሚገኘው ከ200 እስከ 500 ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ሲሆን፣ እስከ 2,490 ሜትር ድረስ ወርዶ የተገኘበት ጊዜም አለ። ግልገሎቹ በዋናነት ክሪል የተባለውን ሽሪምፕ መሳይ ደቃቅ ፍጥረት ይበላሉ፤ ሲያድጉ ትንንሽ ዓሦችንና ስኩዊድንም ይጨምራሉ።

እናቲቱ እንቁላል ውጭ አትጥልም። እንቁላሉ እዚያው ማህፀኗ ውስጥ ይፈለፈልና ከ6 እስከ 20 የሚሆኑ ግልገሎች ትወልዳለች። ሲወለዱ ቁመታቸው ከ12 እስከ 14 ሳንቲሜትር ነው። አብሪ ነጥቦቻቸው ገና በማህፀን ሳሉ ተሠርተው ስለሚያልቁ፣ ግልገሉ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ማብራት ይችላል።

ባሕርም ደጋና ቆላ አለው

ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ አልዩ አምባ የወረደ ሰው አገር ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደሚለዋወጥ ያውቃል። ላይ ገብስና ባቄላ ይበቅላል፤ ታች ማሽላ ነው። ሙቀቱ፣ ልብሱ፣ ከብቱም ይለያል። ባሕርም እንዲሁ በደረጃ የተከፈለ ነው። ልዩነቱ፣ ባሕር ውስጥ ኑሮን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የብርሃን መጠን መሆኑ ነው።

የላይኛው 200 ሜትር ያህል የፀሐይ ብርሃን በሚገባ የሚደርስበት ነው። በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩት ደቃቅ ዕፀዋት የሚኖሩት እዚያ ነው፤ የባሕር ሕይወት ሁሉ ቀለብ ከሞላ ጎደል ከዚያ ይመጣል። ከ200 እስከ 1,000 ሜትር ያለው ክፍል ድንግዝግዝ ነው። ውኃ ቀይ ብርሃንን ቶሎ ስለሚውጥ፣ እዚህ ድረስ የሚዘልቀው ደካማ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው። ከ1,000 ሜትር በታች የፀሐይ ብርሃን ጨርሶ አይደርስም።

የውኃው ክብደትም አለ። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይጨምራል፤ በ500 ሜትር ላይ ያለ ዓሣ እኛ በባሕር ወለል ከፍታ ከምንሸከመው 50 እጥፍ የሚበልጥ ግፊት ይችላል። ብርዱ ግን በየባሕሩ ይለያያል። የሜድትራንያን ጥልቅ ውኃ ከሌሎች ባሕሮች ጋር ሲነጻጸር ሞቃት ነው፤ ክረምት ከበጋ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ የሚወርድባቸው ሌሊቶች ከዚያ እጅግ ይበርዳሉ።

ብርሃን እንዴት መደበቂያ ይሆናል?

በድንግዝግዙ ክፍል ውስጥ መሸሸጊያ የለም። ድንጋይ የለም፣ ሣር የለም፣ ዙሪያው ውኃ ብቻ ነው። ብርሃን የሚመጣው ከላይ ብቻ በመሆኑ፣ ከበታች ሆኖ ወደ ላይ የሚያይ አዳኝ ከፍ ብሎ የሚዋኘውን ዓሣ እንደ ጥቁር ጥላ ያየዋል። ጥላው ከታየ ዓሣው ተበላ።

ሆደ ከፋይ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ጥላውን ማጥፋት ነው። በሆዱ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ አብሪ ነጥቦች አሉ። ከእነሱ የሚወጣው ብርሃን ሰማያዊ አረንጓዴ ሲሆን፣ በቀለሙም በመጠኑም ከላይ ከሚወርደው ደካማ ብርሃን ጋር ይመሳሰላል። ሆዱ ከጀርባው ካለው ውኃ እኩል ሲያበራ ከታች የሚያየው አዳኝ ጥላ አይታየውም። ዓሣው እያለ የሌለ ይመስላል። ጥቅሙም ሁለት ነው፤ ሆደ ከፋይ ከሚያድኑት ትልልቅ ዓሦች ያመልጣል፣ እሱ ደግሞ የሚያድናቸው ሳይነቁበት ይደርስባቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ከላይ የሚወርደው ብርሃን ከጠዋት እስከ ማታ ይለዋወጣል፤ ደመናም ይቀንሰዋል። የዓሣው ብርሃን ከዚያ ከበለጠ ያጋልጠዋል፤ ካነሰም ጥላው ይታያል። የቤልጂግ ሉቨን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዡሊየን ክላስና ዤሮም ማልፌ በኖርዌይ በርገን አጠገብ ከሚገኝ ፊዮርድ የተያዙ ሆደ ከፋዮችን በሕይወት እያሉ አጥንተዋል። ጥናታቸው እንዳመለከተው ሻርኩ እንደ ሰዓቱ መብራቱን ከፍና ዝቅ አያደርግም። ይልቁንም ራሱ ቦታ ይለውጣል፤ የሆዱ ብርሃን የሚስማማበትን ጥልቀት እየተከተለ ሲመሽ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲነጋ ወደ ታች ይወርዳል። የሚበላው ክሪልም በየቀኑ በዚሁ መንገድ ስለሚመላለስ መደበቂያውም ቀለቡም አብረው ይገኙለታል።

ብርሃኑ በጣም ደካማ ነው። ሰው ሊያየው የሚችለው በጨለማ ክፍል ውስጥ ቆይቶ ዓይኑ ጨለማውን ከለመደ በኋላ ነው።

መብራቱ የሚበራው በምንድን ነው?

ሕያዋን ፍጥረታት የሚያወጡት ብርሃን ከኬሚካል ለውጥ የሚገኝ ነው። በአጠቃላይ መንገዱ ይህ ነው፤ ሉሲፈሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሉሲፈሬዝ በሚባል ፕሮቲን አጋፋሪነት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ጉልበቱ በብርሃን መልክ ይወጣል። ሙቀት የለውም ለማለት ይቻላል። በመስክ ሌሊት ሌሊት ጭራው የሚበራው ጥንዚዛም ብርሃኑን የሚያገኘው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው። ባሕር ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት፣ በካሊፎርኒያ ዳርቻ ከባሕሩ ገጽ እስከ ጥልቁ በካሜራ ከታዩት እንስሳት ከአራቱ ሦስት ያህሉ ብርሃን ማውጣት የሚችሉ እንደሆኑ አሳይቷል።

የሆደ ከፋይ አብሪ ነጥብ ራሷን የቻለች ትንሽ መሣሪያ ናት። ከሥር በኩል ብርሃን ወደ ውስጥ እንዳይባክን የሚከለክል ጥቁር ሽፋን አለ። በመካከል ብርሃኑን የሚያወጡት ሴሎች ተቀምጠዋል። ከላይ ብርሃኑን የሚሰበስብ ሌንስ አለ። በሴሎቹና በሌንሱ መካከል ደግሞ ጥቁር ቀለም ያዘሉ ሌሎች ሴሎች መጋረጃ ሠርተው ይቆማሉ፤ ሲሰበሰቡ ብርሃኑ ይወጣል፣ ሲዘረጉ ይጋረዳል።

መጋረጃውን የሚያዝዘው ምንድን ነው? በሌሎች አብሪ ዓሦች ትዕዛዙ በነርቭ በኩል ይመጣል። ክላስና ማልፌ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረጉት ግኝት ግን በሆደ ከፋይ ዋናው አዛዥ ሆርሞን መሆኑን አሳየ። በእኛ ሰውነት ሌሊት የሚበዛውና ከእንቅልፍ ጋር የተያያዘው ሜላቶኒን የሻርኩን ቆዳ ለሰዓታት ያበራዋል። በእናቶች ዘንድ ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን ደግሞ ፈጥኖ ያበራና ቶሎ ያልፋል። የቆዳን ቀለም የሚያጠቁር ሌላ ሆርሞን ያጠፋዋል። ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት እነዚህ ሆርሞኖች ቀድሞ የሻርኩን ቆዳ ለማጥቆርና ለማንጣት ያገለግሉ የነበሩ ሲሆኑ፣ ኋላ ለመብራቱ ሥራ ውለዋል።

አትንካኝ የሚል እሾህ

ሆዱ የሚያበራው ለመደበቅ ነው፤ ጀርባው ላይ ግን ተቃራኒው ይሠራል። ከሁለቱ የጀርባ እሾሆች ኋላ አብሪ ነጥቦች ተሰልፈዋል፤ እሾሆቹም ብርሃን ስለሚያሳልፉ ከኋላቸው በሚመጣው ብርሃን ደምቀው ይታያሉ። ይህ ግኝት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በስሌቱ መሠረት ትልቅ አዳኝ ዓሣ የእሾሁን ብርሃን ከብዙ ሜትር ርቀት ያያል፤ ሆደ ከፋይ የሚያድናቸው ትንንሽ ዓሦች ግን የሚያዩት እጅግ ሲቀርቡ ብቻ ነው። ስለዚህ አዳኙ “እሾህ አለኝ፣ ብትውጠኝ ትጎዳለህ” የሚለውን መልእክት ይቀበላል፣ የሚታደነው ግን አይነቃም።

በጎኑና በመራቢያ አካሉ አካባቢ ያሉ ነጥቦች ደግሞ የየራሳቸው አሰላለፍ አላቸው። ተመራማሪዎች እነዚህ ከወገን ጋር ለመተያየትና ለመራባት የሚጠቅሙ ናቸው ብለው ያስባሉ። እንግዲህ ብርሃኑ በአንድ አካል ላይ ይሰውራል፣ ያስጠነቅቃል፣ ወገንንም ይጠራል።

ዘመዶቹ

ከፋኖስ ሻርኮች ሁሉ ትንሹ ኤትሞፕቴረስ ፔሪ ነው። በኮሎምቢያና በቬንዙዌላ ዳርቻ በካሪቢያን ባሕር ይኖራል፤ የታወቀው ትልቁ ቁመት 21 ሳንቲሜትር ገደማ በመሆኑ በሕይወት ካሉት ሻርኮች ሁሉ ትንሹ እንደሆነ ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በመካከለኛው አሜሪካ የፓሲፊክ ዳርቻ የተገኘ ጥቁር ፋኖስ ሻርክ “ኒንጃ” የሚል የተለምዶ ስም ተሰጠው፤ ስሙን ያወጡት ካጠኑት ተመራማሪዎች የአንዷ ትንንሽ የአክስት የአጎት ልጆች ነበሩ። ሳይንሳዊ ስሙ ደግሞ “ጆውስ” የተባለውን ልብ ወለድ ለጻፈው ለፒተር ቤንችሊ መታሰቢያ ሆኗል።

ከወገኑ ውጭ ያሉ አብሪዎችም አሉ። ኢሲስቲየስ የተባለው ሻርክ ከዓሣ ነባሪና ከቱና ገላ ላይ ክብ ቁራጭ ሥጋ ነክሶ ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን የጎማ ሽፋን ሳይቀር ነክሶ ጉዳት አድርሷል። በግዙፍነት የሚታወቀው ዳላቲያስ ሊካ ነው። ቁመቱ እስከ 180 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በኒውዚላንድ ባሕር ተይዞ ሲያበራ ታየ፣ በ2021 የታተመው ጥናትም ከሚታወቁት አብሪ ባለ አከርካሪ እንስሳት ሁሉ ትልቁ መሆኑን ገለጸ።

ቀይ ባሕር እያለ ለምን ሜድትራንያን?

ከሜድትራንያን ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ቀይ ባሕር ነው። ለጥልቅ ባሕር ፍጥረት ግን ቀይ ባሕር የተለየ አገር ነው። በደቡብ በኩል መግቢያው አካባቢ ያለው የባሕር ውስጥ ደፍ ጥልቀቱ 137 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛና ጥልቅ ውኃ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ የቀይ ባሕር ሥር እስከ 2,000 ሜትር ቢወርዱም 21 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ፣ ጨውም የበዛበት ነው። ብርድ ለለመዱት የጥልቅ ባሕር ዝርያዎች ይህ አይመችም። እዚያ ጥልቀት ለመኖር ከቻሉት ሻርኮች አንዱ ያጎ ኦማነንሲስ የተባለ፣ ዓይነ ትልቅ ግን የማያበራ ዝርያ ነው።

ሜድትራንያን ከአትላንቲክ ጋር የሚገናኘው በጅብራልታር ነው። የዚያ ደፍ 300 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ከ200 እስከ 500 ሜትር የሚኖረው ሆደ ከፋይ ሊያልፍበት የሚችል በር ነው።

የበሬሳ አፈር የት ይደርሳል?

ከጣርማበር እስከ አንኮበር የተዘረጋው የተራራ ጫፍ የውኃ መከፈያ ነው። በምሥራቅ የወረደው ውኃ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በምዕራብ የወረደው በበሬሳና በሌሎች ወንዞች ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይገባል።

ጀማ ሸለቆ ራሱ የባሕር ታሪክ አለው። ወንዙ ቆርጦ ያወጣው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት አካባቢውን ሸፍኖ በነበረ ጥልቀት የሌለው ባሕር ሥር የተነጠፈ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ በላዩ ላይ ደጋውን ሠራ። ዛሬ በእንሳሮ ወረዳ ለሚ ላይ የተተከለው ሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመው በዚህ የኖራ ድንጋይ አገር ነው። ፋኖስ ሻርኮች የተገኙት ግን ያ ባሕር ከሸሸ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ክሬቴሽየስ በሚባለው ዘመን መጨረሻ ገደማ ስለሆነ በጀማ ባሕር ውስጥ አልዋኙም።

የደጋው አፈር ግን ዛሬ ወደሚኖሩበት ባሕር ደርሷል። የናይል ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሄደ ነው። ይህ ደለል ከዴልታው አልፎ በባሕሩ ሥር በኪሎ ሜትር የሚለካ ውፍረት ያለው ክምር ሠርቷል፤ በሜድትራንያን ትልቁ የደለል ክምር ነው። በየዓመቱ በነሐሴና በመስከረም ይደርስ የነበረው ጎርፍ ለባሕሩ ማዳበሪያ ስለነበር፣ ደቃቅ ዕፀዋቱ ይፈሉና ሰርዲን ይበዛ ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ውኃ መያዝ ሲጀምር ይህ ተቋረጠ። በ1962 ወደ 18,000 ቶን ይጠጋ የነበረው የግብፅ የሰርዲን ምርት በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ። ጥልቁ ክፍል የሚቀለበው ከላይ ከሚወርደው በመሆኑ፣ በላይኛው ክፍል ላይ የሚደርስ ለውጥ ወደ ታችም ይሻገራል።

ከደለሉ ውስጥ ዛሬም ጋዝ ይወጣል። በደለል የተቀበረው ብስባሽ ሚቴን እየሠራ በባሕሩ ወለል በኩል ይተነፍሳል፤ በዚያ ጋዝ የሚኖሩ ልዩ ፍጥረታትም አሉ።

መረቡና ሕጉ

ሆደ ከፋይን ማንም ለገበያ ብሎ አያጠምደውም። ሽሪምፕና ሌላ ዓሣ ፈልጎ የባሕሩን ወለል የሚጠርገው መረብ ግን አብሮ ያወጣዋል፤ ከዚያም ወደ ባሕር ይጣላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሞቶ ወይም ሊሞት ቀርቦ ነው። እንደ ሰርዲን እንቁላሉን በሺህ አይበትንም፤ በአንድ ወሊድ ቢበዛ 20 ግልገል ነው። የተወሰደበትን ለመተካት ጊዜ ይፈጅበታል።

ለጥልቅ ባሕር የወጡ ሕጎች አሉ። የሜድትራንያን አገሮች የዓሣ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2005 ከ1,000 ሜትር በታች በወለል መረብ ማጥመድን ከለከለ። በ2006 ደግሞ ከናይል ዴልታ ማዶ ጋዝ የሚወጣበትን አካባቢ ከዚሁ መረብ ጠበቀ፤ የእኛ ደለል የተከማቸበት ቦታ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2016 በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ከ800 ሜትር በታች ይህንኑ መረብ ከለከለ። ሆደ ከፋይ ግን በብዛት የሚኖረው ከ200 እስከ 500 ሜትር ባለው ክፍል ነው። የሽሪምፕ መረብ በሰፊው የሚሠራውም በዚያው ስለሆነ፣ ከዓሦች ዓይን የሰወረው ብርሃን ከዚህ መረብ አያድነውም፤ ሕጉም በአብዛኛው እሱ ከሚውልበት በታች ይጀምራል።